ፑሪ፣ ራሜስዋራም ወይስ ድዋርካ? ከህንድ የባሕር ዳር የተሳላሚ ከተሞች የቱን እንምረጥ

በየሰፈራችን ህንድ ለሕክምና የሄደ ወይም ልጁን ለትምህርት የላከ ሰው አይጠፋም። ሕክምናው አልቆ ወይም ፈተናው አልፎ ጥቂት ቀን ሲተርፍ ጥያቄው ይመጣል። "ታጅ ማሃልን ሁሉም ያየዋል፤ ሌላ ምን አለ?" የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። የህንድ ሰው ራሱ ዕድሜ ልኩን ሊያየው የሚመኘውን እዩ። ተሳላሚ የሚጎርፍበትን ከተማ እዩ። ከተቻለ ደግሞ ባሕር ዳር ያለውን።

ሂንዱዎች ከመሞታቸው በፊት ሊሳለሟቸው የሚመኟቸው አራት ታላላቅ ስፍራዎች አሏቸው። "ቻር ዳም" ይሏቸዋል። በአገሪቱ አራት አቅጣጫ የተቀመጡ ናቸው። የሰሜኑ ባድሪናት ሂማላያ ተራራ ላይ ነው፤ ብርዱ ሲበረታ በበረዶ ይዘጋል። ሦስቱ ግን ባሕር ዳር ናቸው። ፑሪ በምሥራቅ፣ ራሜስዋራም በደቡብ፣ ድዋርካ በምዕራብ። ከእኛ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው ሦስት ወይም አራት ቀን ነው። አገሩ ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይላል።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ያምራል?" ብሎ ነው። ለእኛ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። የት ድረስ ያስገቡናል? ሂንዱ ላልሆነ ሰው የሦስቱ ከተሞች በር እኩል አይከፈትም። ይህን ሳያጣሩ ሄደው፣ በር ላይ ተመልሰው፣ ተናደው የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ንዴቱ አይገባኝም። እኛም ቤት ቅኔ ማሕሌት አለ፣ ቅድስት አለ፣ መቅደስ አለ። ማን የት ድረስ እንደሚገባ ከልጅነታችን እናውቃለን። መካም ለሙስሊሙ ብቻ ነው። ሥርዓቱን ቀድሞ አውቆ መሄድ ነው እንጂ ደጃፍ ላይ መከራከር ለማንም አይበጅም።

በሩ ዝግ፣ መንገዱ ክፍት፦ ፑሪ

ፑሪ በኦዲሻ ክልል፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ከተማ ናት። ኑሮዋ ሁሉ ጃጋናት በሚሉት አምላክ ዙሪያ ነው። ስሙ "የዓለም ጌታ" ማለት ነው። ቤተ መቅደሱ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ሲሆን ቁመቱ 65 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ግቢውን አይረግጥም። ማንም ቢሆን። ኢንዲራ ጋንዲ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 ሊሳለሙ ሄደው አልተፈቀደላቸውም። ባለቤታቸው ከፓርሲዎች፣ ማለትም ከጥንት ፋርስ የመጣ ሌላ እምነት ካላቸው ሰዎች ወገን ስለነበሩ ነው። ከዚህ በኋላ "እኔ እኮ ከሩቅ አገር የመጣሁ ቱሪስት ነኝ" ማለት ምን ዋጋ አለው?

ታዲያ ለምን ይኬዳል? ከውጭ የሚታየው ብዙ ስለሆነ ነው። በምሥራቅ ያለው ዋናው በር የአንበሳ በር ይባላል። ከዚያ በር ውስጥ ፓቲታ ፓባና የሚሉት የጃጋናት ምስል አለ። መግባት የማይፈቀድለት ሰው ከመንገድ ላይ ሆኖ እንዲያየው ነው የተቀመጠው። ምስሉ እንደሌሎቹ የህንድ አማልክት በድንጋይ ወይም በናስ የተሠራ አይደለም። እንጨት ነው። ፊቱ ጥቁር ነው። ዓይኖቹ ትልልቅና ክብ ናቸው። ጣት የለውም፣ እግር የለውም። ሰዉ ግፊያው መሃል ቆም ይልና ሁለት እጁን ያጋጥማል፤ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። እኔም እዚያው መንገድ ላይ፣ ጫማዬን እንዳደረግሁ ነበር የቆምኩት። የተከለከልኩ ሳይሆን የታሰበልኝ መሰለኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ ቀና በሉ። ከአገልጋይ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ባንዲራውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በባዶ እግሩ ያን ረጅም ግንብ ይወጣዋል። የሚያስረው ገመድ የለም። ጫፉ ላይ ካለው ከብረታ ብረት ቅይጥ የተሠራ ትልቅ ክብ ላይ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ያስራል። ይህ በየቀኑ የሚደረግ ነው። ከታች ያለው ሰው አንገቱን ሰብሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያየው።

የፑሪ ትልቁ ቀን ግን ራት ያትራ ነው፤ የሠረገላው በዓል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባለው ጊዜ ይውላል። ይህን ለእኛ ሰው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ጥምቀትን አስቡ። ዓመቱን ሙሉ ውስጥ ያለው በዚያ ቀን ወደ ሕዝቡ ይወጣል። ጃጋናት፣ ወንድሙ ባላባድራና እኅቱ ሱባድራ በሦስት ግዙፍ የእንጨት ሠረገላዎች ላይ ይቀመጣሉ። የጃጋናት ሠረገላ 16 ጎማ አለው፣ የወንድሙ 14፣ የእኅቱ 12። በየዓመቱ አዲስ ይሠራሉ። በዓሉ ሲያልፍ ይፈርሱና እንጨታቸው ወደ ቤተ መቅደሱ ማዕድ ቤት ይሄዳል። ከመነሳታቸው በፊት የፑሪ ንጉሥ እጀታው ወርቅ በሆነ መጥረጊያ የሠረገላውን ወለል ይጠርጋል። ንጉሥ መጥረጊያ ይዞ! ከዚያ ሕዝቡ ገመዱን ይዞ እስከ ጉንዲቻ ቤተ መቅደስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይጎትታል። በዚያ ቀን ሂንዱ ነህ አይደለህም የሚል ጠያቂ የለም። መንገዱ የሁሉም ነው።

ግን ሳልደብቅ ልናገር። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። ሙቀቱና ዝናቡ አንድ ላይ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 ጉንዲቻ አካባቢ በተፈጠረ ግፊያ ሰዎች ሞተዋል። አዛውንት፣ ሕፃን ወይም ገና ከሕክምና የተነሣ ሰው ይዛችሁ ከሆነ በዓሉ ቀን አትሂዱ። ጤነኛና ጎልማሳ ከሆናችሁም ከመንገዱ ዳር ሰገነት ያለው ማረፊያ ቀድማችሁ ያዙ። ከላይ ሆኖ ማየት ይበልጣል።

ፑሪን ከሌሎቹ የሚያስመርጣት ሌላም ነገር አለ። ዙሪያዋ ሀብታም ነው። 35 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ኮናርክ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በፀሐይ አምላክ ሠረገላ አምሳል የታነፀ፣ 24 የድንጋይ ጎማዎች ያሉት ቤተ መቅደስ ነው። በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚህ ማንም ይገባል፣ ፎቶም ያነሳል። በሌላው አቅጣጫ ቺሊካ የሚባለው ሰፊ ሐይቅ አለ፤ በጀልባ ወጥታችሁ ዶልፊን ትፈልጋላችሁ። ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እስከ ቅድስቱ ድረስ፦ ራሜስዋራም

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ የምመርጠው ራሜስዋራምን ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

ራሜስዋራም በታሚል ናዱ ክልል፣ ፓምባን በምትባል ደሴት ላይ ናት። ወደ እርሷ መግባቱ ራሱ ጉዞ ነው። የመጀመሪያው የባሕር ላይ የባቡር ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1914 ነው የተከፈተው። አርጅቶ ከቆመ በኋላ አዲሱ ከጎኑ ተሠርቶ በሚያዝያ 2025 ሥራ ጀመረ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። መርከብ ሲመጣ መሃሉ እንደ ሊፍት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል። ባቡሩ ውኃው ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮት ይጠጋል። ሳንቲም ወደ ባሕሩ የሚወረውር አለ። ጸሎት የሚያደርስ አለ። ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ የሚያሳይ አለ። በመኪና ከመጣችሁ ጎን ለጎን ያለውን የመንገድ ድልድይ ትሻገራላችሁ፤ ግን አደራ፣ አንዱን መንገድ እንኳ በባቡር አድርጉት።

ቤተ መቅደሱ ራማናታስዋሚ ይባላል። በትረካው መሠረት ራማ የሚሉት አምላካቸው ሚስቱን ሲታን ከላንካ ተዋግቶ አስመልሶ ሲመጣ በጦርነቱ ስለፈሰሰው ደም ሌላውን አምላክ ሺቫን የለመነው እዚህ ነው። የቅድስተ ቅዱሳኑን ክፍል የሚያዩት ሂንዱዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ መለስ ያለው ረጅም መተላለፊያ ግን ለእንግዳም ክፍት ነው። እናም የዚህ ቤት ግርማ ያለው እዚያው መተላለፊያው ላይ ነው። የውጨኛው ዙሪያ ብቻ ከ1,200 በላይ ምሰሶዎች አሉት። አንዱ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ስትመለከቱ ምሰሶዎቹ እየጠበቡ፣ እየጠበቡ ሄደው አንድ ነጥብ ይሆናሉ።

አንድ ነገር ቀረብ ብዬ ላሳያችሁ። በግቢው ውስጥ 22 የውኃ ጉድጓዶችና ኩሬዎች አሉ። ተሳላሚው መጀመሪያ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ይጠመቃል፤ አግኒ ቲርታም ይሉታል። ከዚያ ልብሱ እንደረጠበ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ 22 ጊዜ ውኃ ይፈስበታል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ትንሽ ባልዲ በገመድ ቁልቁል ይወረውራል፣ ቧ ይላል፣ በሁለት ሦስት ጉተታ ያወጣና ሳይቆም ከበታቹ በተሰለፈው ራስ ላይ ይደፋል። በጠዋት ቆሜ ሳይ አንዲት አሮጊት ልጃቸው ክንዳቸውን ይዟቸው መጡ። ውኃው ሲወርድባቸው ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ደንገጥ አሉ። ከዚያ ሳቁ። እንደ ሕፃን ነው የሳቁት። ልጁ ሻሻቸውን አስተካከለላቸውና ወደ ቀጣዩ ወሰዳቸው። ጠበል ቦታ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ወለሉ በውኃ የተሞላ ስለሆነ ያንሸራትታልና እርምጃችሁን ጠበቅ አድርጉ።

ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ዳኑሽኮዲ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 ሌሊት ላይ የመጣ አውሎ ነፋስ ይህችን ከተማ ጠራርጎ ወሰዳት። ከመቶ በላይ ሰው ያሳፈረ ባቡርም ከነሐዲዱ ባሕር ገባ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ለመኖሪያ የማትሆን ብሎ ተዋት። ዛሬ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን፣ የባቡር ጣቢያው ፍርስራሽና አሸዋ ነው ያለው። መንገዱ እስከ መጨረሻው ጫፍ ይወስዳል። በአንድ በኩል የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ፣ በሌላ በኩል የማናር ባሕረ ሰላጤ፤ ስሪላንካ ከ30 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ራማ ወደ ላንካ የተሻገረበት ድልድይ የተነሳው ከዚህ ነው ይላሉ።

የህንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት የሮኬት ሳይንቲስቱ አብዱል ካላምም የዚህች ደሴት ልጅ ናቸው። አባታቸው ሙስሊም ነበሩ፤ የሂንዱ ተሳላሚዎችን በጀልባ ያመላልሱ ነበር። መታሰቢያቸው ከተማው ጠርዝ ላይ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አትለፉት።

ጸጥ ያለው፦ ድዋርካ

ድዋርካ በጉጃራት፣ በአረቢያ ባሕር ዳር ናት። ክሪሽና የሚሉት አምላክ ከተማ ናት። ክሪሽና ሲሞት የጥንቷን ከተማ ባሕር ዋጣት ብለው ያምናሉ። ቤተ መቅደሱ አምስት ፎቅ ሆኖ በ72 ምሰሶ ቆሟል። አናቱ ላይ 52 ያርድ ጨርቅ የሚፈጅ ባንዲራ ይውለበለባል። በቀን ደጋግመው ይቀይሩታል። ባንዲራውን የሚያቀርበው ቤተሰብ እየጨፈረ፣ ጨርቁን ራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ከጎምቲ ወንዝ ዳር 56 ደረጃ ወጥታችሁ ትደርሳላችሁ። ለእንግዳ ከፑሪ ይልቅ የላላ ቤት ነው። በር ላይ ከየት መጣችሁ ብለው ሊጠይቁ ወይም ፎርም ሊያስሞሉ ይችላሉ፤ በትሕትና መልሱ።

ድዋርካ ከሦስቱ የረጋችው ናት። ክሪሽና የተወለደበት በዓል በነሐሴ አካባቢ ሲውል ካልሆነ በቀር ግፊያ የለም። አጠገቧ ቤት ድዋርካ የምትባል ደሴት አለች። ድሮ በጀልባ ብቻ ነበር የሚኬደው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ድልድይ አላት። ከዚያ ውጭ ብዙ የሚታይ አትጠብቁ። ከሁለት ቀን በላይ አያስቆይም።

ለእኛ ግን በመንገዱ ላይ አንድ ነገር አለ። ወደ ድዋርካ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በአህመዳባድ ያልፋል። እዚያ ከተማ መሃል ሲዲ ሰይድ የሚባል መስጊድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1573 ያሠራው ከሐበሻ ምድር የመጣ ሰው ነው። መስኮቶቹ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። አንዱ ላይ ቅርንጫፉ እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ ዛፍ አለ፤ ዛሬ የከተማዋ መለያ ሆኗል። ጉጃራት ውስጥ ዛሬም "ሲዲ" የሚባሉ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች ይኖራሉ። "ሐብሺ" የሚለው ቃልም እዚያ የታወቀ ነው። እኔ ያ መስኮት ፊት ቆሜ እንባዬ መጥቷል። ድዋርካን የመረጣችሁ ሁሉ ግማሽ ቀን ለእርሱ ስጡ።

ባሕሩና ምግቡ

ባሕር ስለተባለ ሁሉም ይዋኝበታል ማለት አይደለም። የፑሪ ባሕር ያምራል፣ አሸዋውም ሰፊ ነው፤ ማዕበሉ ግን ይጎትታል። ሾጣጣ ባርኔጣ ያደረጉ የዓሣ አጥማጅ ወገኖች ዋናተኞችን ይጠብቃሉ፤ እነርሱ ካሉበት አትራቁ። ስዋርጋድዋር በሚባለው በኩል አስከሬን የሚቃጠልበት ቦታ አለ። እዚያ ካሜራ አታውጡ። የራሜስዋራም ውኃ ጥልቀት የሌለውና የረጋ ነው፤ ለመጠመቅ እንጂ ለመዋኘት አይሆንም። መዋኘት ለሚፈልግ የተሻለው ከድዋርካ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ሺቭራጅፑር ነው። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ፑሪ፣ ስትጠልቅ ለማየት ድዋርካ። ዳኑሽኮዲ ጫፍ ላይ ሁለቱም ይታያሉ።

ምግብ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። "ህንድ ሥጋ ስለማይበሉ ጾም ላይ ብንሆንም አንቸገርም" ይባላል። አይደለም። ከአትክልቱ ጋር ቅቤ አለ፣ እርጎ አለ፣ ወተት አለ። ምስሩ ላይ ሳይቀር ቅቤ ያፈሳሉ። ለጾመኛ የሚቀለው ራሜስዋራም ነው። ኢድሊና ዶሳ ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክተው ነው የሚሠሩት፤ የቡኮው ሽታ እንጀራን ያስታውሳል። "ቅቤ አትቀቡብኝ" ማለት ብቻ ይበቃል። ድዋርካ ወጡ ውስጥ ስኳር ያደርጋሉ፤ መጀመሪያ ይከብዳል። ጉጃራት መጠጥ የተከለከለበት ክልል መሆኑንም እወቁ። ፑሪ ባሕር ዳሩ ላይ ዓሣ አለ።

የፑሪ ቤተ መቅደስ ማዕድ ቤት ደግሞ በሸክላ ድስት፣ በእንጨት እሳት፣ ያለ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለሺዎች ያበስላል። ማሃፕራሳድ ይባላል። ሀብታሙም ድሃውም አብሮ ተቀምጦ ይበላዋል። ለጃጋናት የቀረበ ምግብ ስለሆነ እምነታችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አመስግኑና ተዉት። ቅር የሚለው የለም። ካጃ የሚባለውን በንብርብር የተጠበሰ ጣፋጭ ግን ከገበያው ገዝታችሁ ለቤት ያዙ።

ከየት ነው የምትነሱት?

ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚጨርሰው ይህ ነው። ቼናይ ካላችሁ ራሜስዋራም፤ ማታ ተሳፍራችሁ ጠዋት ትደርሳላችሁ። ማዱራይ ድረስ በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ደግሞ በመኪና 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮልካታ ካላችሁ ፑሪ፤ የሌሊት ባቡር አለ። ከሌላ ከተማ ደግሞ ቡባነሽዋር በአውሮፕላን ገብታችሁ 60 ኪሎ ሜትር በመኪና ነው። ሙምባይ ካላችሁ ድዋርካ፤ ወደ ኦኻ የሚሄደው ባቡር እዚያ ይቆማል። ዴልሂ ያላችሁ ከሁሉም ሩቅ ናችሁ፤ ለእናንተ በአውሮፕላን ፑሪ ትሻላለች።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ለፑሪም ለድዋርካም ምቹ ነው። ራሜስዋራም ግን ዝናቧ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ከጥር እስከ መጋቢት አድርጉት። በሚያዝያና በግንቦት የትም አትሂዱ። ድንጋዩ ባዶ እግር ያቃጥላል።

ቪዛው በኢንተርኔት ይጠየቃል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን እንዳትረሱ። ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ህንድ ይጠይቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን መቅደም አለበት። ከተማ ውስጥ "ባጃጅ" ብትሉ አይገባቸውም፤ "አውቶ" በሉ። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ቁረጡ። ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ ሳልጠይቀው ግንባሬ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ አበባ አስጨብጦ፣ ስም የሚጻፍበት መዝገብ ዘርግቶ ብዙ ገንዘብ የጠየቀኝ ሰው አለ። እጃችሁን አትዘርጉ፤ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ሴቶች ነጠላ ያዙ፤ ለትከሻም ለራስም ይሆናል። ሞባይል ወደ ውስጥ አይገባም፤ በር ላይ አስቀምጣችሁ ደረሰኝ ትወስዳላችሁ። ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲ ይኑራችሁ። ለራሜስዋራም ደግሞ አንድ ደረቅ ልብስ በፌስታል ጨምሩ። ከጉድጓዱ የሚረጨው ውኃ ቆሞ ለሚያየውም ይደርሰዋል።